የዛሬው ኪሎ

ትርንጎ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሬዲዮ ትከፍታለች። ዜና ልትሰማ አይደለም፣ ዝናብ ይኑር አይኑርም አያሳስባትም። የምትጠብቀው ኪሎውን ነው።

«የዛሬው ኪሎ» አለች ሴትዮዋ፣ በዚያ ለዓመት በዓልም ለሀዘንም በማይቀየረው ድምጿ፣ «አርባ አንድ ከሁለት መቶ።»

ደህና ነው። ሌሊቱን ጄቶቹ ብዙም አልወጡም ማለት ነው። አሰራሩን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። የሰው ማመላለሻውም የጦሩም አውሮፕላን ነዳጅ የሚጠጣው ካንድ ቋት ነው፣ ወጪውም ባንድ መዝገብ ነው የሚያዘው። ጄት አንድ ሰዓት በበረረ ቁጥር ያ ሰዓት ከሆነ ቦታ መቀነስ አለበት። መጀመሪያ ከወንበሩ ስፖንጅ ቀነሱ። ከዚያ መስኮቱን ደፈኑት፣ ምግቡን አስቀሩት፣ ሽንት ቤቱን ነቅለው አወጡት። የሚቀነስ ነገር ሲያልቅ የቀረው ሰው ነበርና ሰው ላይ መጡ። «ጄት ሲጠግብ ሰው ይከሳል» ይባላል ሰፈር ውስጥ። ልጆች ገመድ ሲዘሉ ይሉታል።

ትርንጎ ሚዛኗ ላይ ወጣች። አርባ አንድ ከሃምሳ። ሽንት ቤት ደርሳ ተመልሳ ወጣች። አርባ ከዘጠኝ መቶ። ጥፍሯን ትናንት ቆርጣዋለች፣ ጸጉሯን በየአስራ አምስት ቀኑ በምላጭ ታስወርደዋለች። አምና ሁለት የኋላ መንጋጋዎቿን አስነቅላለች፣ ድርጅቱ ነው የከፈለላት። ሁለቱ ተደምረው አራት ግራም ነበሩ፤ ቢሆንም ግምገማ ላይ ነጥብ ያስጨምራል። ሰላሳ አራት ዓመቷ ነው። አስራ አንዱን ዓመት የኖረችው የሰው ለቅሶ በመድረስ ነው።

ስራው እንዲህ ነው። ከእለቱ ኪሎ በላይ የሆነ ሰው አይበርም። ኮሎኔልና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ይበራል፣ ኮሎኔል አይመዘንም። በመኪና እንዳይሄዱ መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ቀብር ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ባንድ ሰሞን በስክሪን ማልቀስ ተሞክሮ ነበር፣ ሽማግሌዎቹ «ስልክ ወንበር አይዝም» ብለው መለሱት። ህጻን መላክም አልሆነም፣ ህጻን ለቅሶ አይወክልም። እና ቀላሎች የሚባሉት መጡ። ፈቃድ ያወጡ፣ ከኪሎው በታች የሆኑ፣ በሰው ፋንታ ሄደው የሚቀመጡ፣ በሰው ፋንታ አፈር የሚበትኑ፣ በሰው ፋንታ ደረት የሚመቱ። ትርንጎ የምትሰራበት «ቀላል እግር» የሚባለው ድርጅት ብቻ ዘጠና አሉት።

አንድ ሰዓት ላይ አሰማሪዋ ወሰንየለህ ደወለ።

«ትርንጎዬ፣ ቁርስ እንዴት ነበር? ዱለት ነው ጥብስ?»

«አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ይቺኑ ቀልድ።»

«ሌላ እስክማር ታገሺኝ። አሶሳ ነው። አባት ሞተዋል፣ ወካዩ ልጃቸው ነው። ሶስት ሰዓት ትነሺያለሽ፣ ቀብር ዘጠኝ፣ መልስ አስራ አንድ። እንግዲህ ስትመለሺ…»

«አውቃለሁ።»

«ማለት አለብኝ፣ ይቀረጻል። በመልስ ጉዞ ላይ ከኪሎ በላይ ሆኖ የተገኘ ወኪል ፈቃዱ ይሰረዛል። አንዴ ከተሰረዘ አይታደስም። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«በይ ሽንትሽን ሽኚ።»

«ሸንቻለሁ።»

ኤርፖርቱ መስታወት በር ላይ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ቆሞ ነበር። ሰማንያ ስምንት ኪሎ ይሆናል፣ ዘጠናም ሊሆን ይችላል። ትርንጎ በዓይኗ ነው የምትመዝነው፣ ብዙ አትስትም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ከበሩ አያልፉም፣ እዚያው ውጭ ነው የሚቆሙት፣ ትከሻቸውን ሰብስበው፣ የሰው ቦታ የያዙ ይመስል። ዓይኑ አብጧል።

«እህቴ፣ አንቺ ነሽ የኔ?»

«እኔ ነኝ። ነፍስ ይማር። ስምዎትን፣ ለሟች ምን እንደሆኑ፣ እና እንዴት ብለው እንደሚያለቅሱ ይንገሩኝ።» ቅጹ ላይ ያለው ሶስት መስመር ነው።

«ደምሰው ታረቀኝ። የበኩር ልጅ ነኝ። ጋሼ ነበር የምለው። እና… ጋሼ ማንጎው በይልኝ።»

«ማንጎው?»

«ልጅ ሆኜ ከራሱ ዛፍ ማንጎ እየሰረቅሁ ለሹፌሮች እሸጥ ነበር። አንድ ቀን እላይ ሆኜ ከች አለ። ከስሬ ቆመ፣ ሽንቱን ሸና፣ ቀና ሳይል ሄደ። ማታ ራት ላይ ‹ዘንድሮ ዝንጀሮው በዝቷል› አለ። በቃ፣ ሌላ ቃል አልተናገረም።» ሳቀ፣ ወዲያው ፊቱ ተበላሸ፣ ዞር ብሎ በእጅጌው ጠረገው።

ትርንጎ ጻፈች። ብዙ ሰው ቅጹ ላይ የሚያስጽፈው «መከታዬ» እና «ዋርካዬ» ነው። ዝንጀሮ ያስጻፈ አልገጠማትም።

«አንድ ነገር አለ» አለ ደምሰው። «እዚያ የኛ እድር አዲስ ደንብ አውጥቷል። ንፍሮ ያልበላ አልመጣም ነው የሚሉት። ወኪልም ቢሆን። ልጅ ካልመጣ ደግሞ ቤተሰቡን ከእድር ይሰርዛሉ።»

«እኔ አልበላም። ውሌ ላይ አለ።»

«አውቃለሁ።»

«ፈቃዴ ነው የሚሄደው።»

«አውቃለሁ እህቴ። ብዪ አላልኩሽም።» መስታወቱን በመዳፉ ያዘው። «እናቴ ብቻዋን ቀርታለች። እድሩ ከሰረዛት፣ ነገ ማን ይቀብራታል? እሱን ነው የማስበው። እኔ እንደሁ ለቀኑ አልደርስላትም።»

ትርንጎ ቅጹን አጠፈች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

አውሮፕላኑ ውስጥ ሰው የሚቀመጠው መረብ ላይ ነው። ከጎኗ ሐዋ ተቀመጠች። ሐዋ ከሌላ ድርጅት ናት፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እሷም አሶሳ ሌላ ሰፈር የሰው አክስት ልታለቅስ ነው የምትሄደው። የማትስቅበት ነገር የለም።

«ስንት ነሽ ዛሬ?» አለቻት ሐዋ።

«አርባ ከዘጠኝ መቶ። ነጠላው ስድሳ።» የወረቀት ነጠላ ነው፣ ድርጅቱ ነው የሚሰጠው።

«እኔ አርባ አንድ ከመቶ። ጠባብ ናት። ድንገት ኪሎውን ካወረዱት ደም ክፍል ነኝ።» ግራ ክንዷን ገልጣ አሳየች፣ ሶስት የመርፌ ምልክት አለ። «ዘንድሮ ግራውን ጨርሼዋለሁ። ቀኙን አስቀምጬዋለሁ፣ ለሰርጌ።»

ደም ክፍል የሌለው ማረፊያ የለም። ጠዋት ያለፈ ሰው ማታ ኪሎው ወርዶ ቢጠብቀው፣ እዚያ ይገባና አንድ ከረጢት ይሰጣል። አራት መቶ ሰባ ግራም ነው። ደሙ ለጦር ሆስፒታል ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ የሚባክን ነገር የለም። በግድግዳው ላይ እንደዚያ ተብሎ ተጽፏል፣ የሚባክን ነገር የለም።

አሶሳ ሙቀቱ ሳይወርዱ ነው የሚቀበለው። ትርንጎ ውሃ አልጠጣችም። ለቀስተኛው ቤተክርስቲያኑ ግቢ ማንጎ ዛፎች ስር ነበር፣ እሷም ቦታዋን ያዘች፣ ከሟች ሚስት ከእማማ ውባለ አጠገብ፣ የበኩር ልጅ በሚቆምበት። ሰው ገልመጥ አድርጎ አያት። ቀላል መሆኗ ከሩቅ ያስታውቃል።

ተራዋ ሲደርስ ደረቷን መታ መታ አድርጋ፣ ደምሰውን ሆና፣ «ጋሼ» አለች። «ጋሼ ማንጎው። ዘንድሮ ዝንጀሮው በዝቷል ያልከኝ። አይተህ ያላየኸኝ ጋሼ።»

እማማ ውባለ እስከዚያች ሰዓት መሬት ነበር የሚያዩት። ቀና አሉ። «ደምሰው ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ይቺን እሱ ብቻ ነው የሚያውቃት።» ከዚያ በኋላ ነው ምርር ብለው ያለቀሱት፣ አብረዋቸው ያሉትም ሴቶች ተከተሉ፣ ትርንጎ ራሷ ከቅጹ ውጭ ሁለት ሶስት እንባ ወረዳት።

ፍትሃቱ አልቆ ሳጥኑ በገመድ መውረድ ሲጀምር ጄቶቹ መጡ። ሁለት ናቸው። መጀመሪያ እግር ነው የሚሰማቸው፣ ጆሮ ቀጥሎ ነው። የቄሱ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምጽ የለም። ገመዱን የያዙት አራት ሰዎች ቆሙ፣ ሳጥኑ ግማሽ መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቀና ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። ሁሉም መሬት መሬቱን እያየ በከንፈሩ ይቆጥራል፣ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሶስት። የአንድ ጄት አንድ ሰዓት ስንት እንደሚበላ የማያውቅ የለም። ለምን እንደወጡ ግን የሚያውቅ የለም፣ አይጠየቅምም። ሰባት ዙር ዞሩ። ሟቹ ጋሽ ታረቀኝ ሰማይና ምድር መሀል እስኪጨርሱ ጠበቁ።

ጸጥ ሲል የትርንጎ አንገት ላይ ያለችው የፈቃድ ካርድ ነዘረች። ገልበጥ አድርጋ አየቻት። የተሻሻለ ኪሎ፣ አርባ ከአምስት መቶ።

ቀኑን ሙሉ አልበላችም፣ አልጠጣችም፣ እንዲያም ሆኖ በጠዋቱ ሚዛን በአራት መቶ ስድሳ ግራም በልጣለች። አንድ ከረጢት ደም ማለት ነው። እነዚያ ሰባት ዙሮች ሬሳ አቁመው የዞሩት በሷ ደም ነው ማለት ነው። እስከዛሬ አስራ ዘጠኝ ጊዜ ሰጥታለች፣ እንዲህ አስባው አታውቅም። ዛሬ ግን ጩኸቱን ቆማ ሰምታዋለች።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ እጅ ታጥቦ ንፍሮ ቀረበ። ስንዴና ሽምብራ፣ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን። ትርንጎ የለመደችውን አደረገች። በእፍኟ ዘገነች፣ አንድ ፍሬ አፏ ውስጥ ጣለች፣ የቀረውን በነጠላዋ ጫፍ ልትጠቀልል ስትል አንድ ጥላ አረፈባት። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ይመር ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የወሎ ሰፋሪ የልጅ ልጅ፣ ብብታቸው ስር መዝገብ የያዙ።

«የኔ ልጅ» አሉ፣ ዝቅ ብለው ተቀመጡ። «ክፉዎች እንዳንመስልሽ። አንድ ነገር ላጫውትሽ። የኤርፖርቱ አጥር ስር ጅግራዎች አሉ። አራት ዓመት ሙሉ እንገረም ነበር፣ አገሩ በድርቅ ሲመታ እነሱ እንደ ሙክት ይወፍራሉ። አንድ ቀን ሄጄ ባይ፣ ስንዴና ሽምብራ ተቆልሎ! ለካ ቀላሎቹ ሲመለሱ ነጠላቸውን የሚያራግፉት እዚያ ነው።»

ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፣ ለቅሶ ቤት የሚሳቅ አይነት፣ በነጠላ የታፈነ።

«እኛ ሬሳችንን ቀብረን፣ ጅግራ ነፍስ ይማር አለልን» አሉ ጋሽ ይመር። «ከዚያ ወዲህ ነው ደንቡ። በዓይናችን ፊት አንድ ጭልፋ። የበላ መጣ፣ ያልበላ አልመጣም።»

«ፈቃዴ ይሰረዛል፣ ጋሽ ይመር።»

«አውቃለሁ። እኔም መዝገቡን ነው የያዝኩት፣ እንጂ ጅራፍ አልያዝኩም። አልበላም ካልሽ ‹አልመጣም› ብዬ እጽፋለሁ፣ በሰላም ትሄጃለሽ።»

«ተዋት ይመር» አሉ እማማ ውባለ። ድምጻቸው ሰልሏል። «እንጀራዋ ነው። የሰው እንጀራ ዘግቼ እኔ በሰው ብዛት ብቀበር ምን ይረባኛል? አትብዪ ልጄ። ደምሰው መምጣቱን እኔ አውቄያለሁ፣ ዝንጀሮዋን ሰምቻለሁ። ሰርዙኝ።»

«ውባለ…»

«ሰርዙኝ አልኩ እኮ። አንድ ሬሳ ናት፣ እናንተ ባትቀብሯት ጅብ አለ።»

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ይመር መዝገቡን ገለጡ፣ እስክሪብቶ ፈለጉ፣ ኪሳቸውን ዳበሱ፣ ቢያገኙትም እንዳላገኙ ሁለተኛ ዳበሱ።

ትርንጎ ካርዷን አየች። አርባ ከአምስት መቶ። ባትበላም ደም ክፍል ናት። ሳትበላ ትሄዳለች፣ ክንዷን ትዘረጋለች፣ ነገ ጠዋት ኪሎውን ትሰማለች፣ እና እኚህ ሴትዮ ቀን ሲደርስባቸው የሚሸከማቸው ሰው የለም። እሷ ያን ሁሉ ዓመት የሸጠችው መምጣት ነው። ታዲያ መጥታ ታውቃለች?

«ጭልፋው የታለ?» አለች።

«ልጄ፣ ተይ…» አሉ እማማ ውባለ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ የምበላው።»

ጭልፋው መጣ፣ ሳህን ላይ ተገለበጠላት። የመጀመሪያውን እፍኝ ስታኝክ የኋላ መንጋጋዎቿ እንደሌሉ አስታወሰች። በፊት ጥርሷ፣ በጎን፣ ቀስ እያለች አላመጠችው። ጨው አለው። ስንዴው ሲፈነዳ ጣፈጣት፣ እንዲህ እንደሚጣፍጥ ረስታው ነበር። ስልሳ ሰው አፏን ያያል። ሳህኑን ጨርሳ ጋሽ ይመር ላይ አፈጠጠች።

«ይድገሙኝ።»

«አንድ ጭልፋ ይበቃል። ደንቡ አንድ ነው።»

«ደንቡን ጨርሻለሁ። ይሄኛው ለኔ ነው። ርቦኛል።» አፏን በመዳፏ ጠረገች። «አስራ አንድ ዓመት ርቦኛል።»

ሁለተኛውን በላች። ሶስተኛውን እማማ ውባለ በእጃቸው ዘገኑላት። ውሃ በማንቆርቆሪያ መጣ፣ ሁለት ብርጭቆ ጠጣች። ጋሽ ይመር እስክሪብቷቸውን አገኙ። ድምጽ እያሰሙ ጻፉ። «ደምሰው ታረቀኝ። መጣ።»

አስር ሰዓት ተኩል ላይ ትርንጎ ስትነሳ ብቻዋን አልለቀቋትም። እንግዳ ይሸኛል። ሃያ የሚሆን ሰው አብሯት ወጣ፣ ጋሽ ይመር ከፊት፣ ማረፊያው ድረስ በእግር። በየመንገዱ «ማናት?» ሲባሉ «የታረቀኝ ለቀስተኛ ናት» ይላሉ። ወኪል ያላት አልነበረም።

መዛኙ ካሳዬ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ኮሌታው ሁሌ በላብ የራሰ ሰው ነው። ትርንጎን ለዓመታት ያውቃታል።

«ኪሎው ወረደ፣ ሰምተሻል?» አለ። «ሐዋና ሌሎቹ ደም ክፍል ናቸው። አንቺም ቀድመሽ ግቢ፣ ሰዓት የለንም።»

«መጀመሪያ መዝነኝ።»

ሚዛኑ ላይ ወጣች። አርባ ሁለት ከመቶ። ቀይ በራ።

ካሳዬ ቁጥሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ከኋላዋ ያሉትን ሃያ ሰዎች አየ። «ምን አደረግሽ አንቺ ሴት?»

«በላሁ።»

«ምን በላሽ? በሬ?»

«ንፍሮ።»

«እሺ፣ ውረጂ። ሁለት ከረጢትም አያወጣሽም ይሄ። ውረጂ፣ ወደ ድርጅትሽ ልደውል።»

ሰው ሁሉ ቀይ ሲያይ ይወርዳል። ትርንጎ በዚህ ስራዋ አንድም ሰው ከሚዛን ሲያወርዱ አይታ አታውቅም። ሁሉም በራሱ ነው የሚወርደው። ይሄ ነገር እዚያው ሚዛኑ ላይ ሆና ነው ብልጭ ያለላት።

«አልወርድም» አለች።

«ምን?»

«ተሳፋሪ ነኝ። ቲኬት አለኝ። ሚዛን ላይ ነኝ። ጻፈው።»

ካሳዬ አንድ እርምጃ ወደሷ ተራመደ፣ ቢጫው መስመር ላይ ደርሶ ቆመ። ከመስመሩ አልፎ የሚመዘን ሰው መንካት ክልክል ነው። ድሮ ዘመዶች ከኋላ መጥተው በቀበቶ ብድግ እያደረጉ ኪሎ ያስቀንሱ ስለነበር የወጣ ህግ ነው። የነካ ሰው፣ መዛኝም ይሁን ወታደር፣ ሚዛኑን አጭበርብሯል ተብሎ ይከሰሳል። የጄቶቹ ጠባቂ ወታደር በሩ ላይ ሆኖ ያያል። እሱም መስመሩን ያውቃል።

ትርንጎ ዓይኗን ወደ ሰሌዳው አነሳች። ላይኛው ቁጥር ኪሎዋ ነው፣ ቀይ። ከስሩ ሌላ ትንሽ ቁጥር አለ። እስከዛሬ ሁለተኛ አንብባው አታውቅም፣ ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ ቆማ ስለማታውቅ። ትርፍ ጭነት፣ አስራ አንድ ሺ ሁለት መቶ ብር ይላል፣ ይሄ አይንቀሳቀስም። ከጎኑ ደግሞ መዘግየት፣ ስምንት መቶ። እያየችው አንድ ሺ ስድስት መቶ ሆነ።

«ደቂቃው ስምንት መቶ ነው እንዴ?» አለች።

የካሳዬ ፊት መለሰላት። ሚዛኑ ላይ ሰው እያለ ዝርዝሩ አይዘጋም፤ ዝርዝሩ ሳይዘጋ በሩ አይዘጋም፤ በሩ ሳይዘጋ አውሮፕላኑ እዚያው ቆሞ ይበላል።

«ትርንጎ፣ በእናትሽ። እኔም ልጆች አሉኝ።»

«ያንተን ኪሎ ማን ጠየቀህ? ተቀመጥ።»

«እግሯ ይደክማል፣ ትወርዳለች» አለ ወታደሩ ከሩቅ።

«አይዞህ» አሉት ጋሽ ይመር፣ «ሶስት ጭልፋ በልታለች።»

አራት ሺ። አምስት ሺ ስድስት መቶ። ካሳዬ ለድርጅቱ ደወለ፣ ወሰንየለህ በድምጽ ማጉያው ገባ።

«ትርንጎዬ፣ እየቀለድሽ ነው አይደል?»

«ሌላ ቀልድ እስክማር ታገሰኝ።»

«ፈቃድሽ እኮ ነው!»

«ሰምቻለሁ። ይቀረጻል፣ ሰምቻለሁ።»

ወሰንየለህ ቀስ ብሎ፣ ለቀረጻው ሳይሆን ለሷ፣ «ንፍሮው ምን ይመስላል?» አላት።

«ጨው አለው።»

ስምንት ሺ። ክብደቷን ካንድ እግሯ ወደ ሌላው አዛወረች፣ ሆዷ ከብዷል፣ ለምዳው አታውቅም። ጋሽ ይመር መስመሩ ጋ ቁጢጥ ብለው ቁጥሩን ጮክ እያሉ ያነባሉ፣ ለቀስተኞቹ ይቀበሏቸዋል። ዘጠኝ ሺ ስድስት መቶ። አስር ሺ አራት መቶ። አስራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ሆኑ፣ አስራ አንድ ሺ ሁለት መቶ፣ አስራ አንድ ሺ ሁለት መቶ። ካሳዬ ኮሌታውን ፈታ።

አስራ አምስተኛው ላይ ቀዩ ጠፋ። አረንጓዴ በራ።

«ተሳፋሪ ይግባ» አለ ሚዛኑ። ሰው አልወሰነም፣ ማንም አልራራም። እሷን እየጠበቁ ከመቆም ጭኖ መሄድ ረከሰ፣ በቃ። ተከትሎ ካርዷ ነዘረች፣ ያው ድምጽ ከአንገቷ ላይ ተናገረ። «የወኪል ፈቃድዎ ከዚህ በረራ ፍጻሜ ጀምሮ ተሰርዟል።»

ትርንጎ ካርዷን ከአንገቷ አውልቃ ለካሳዬ ዘረጋችለት። አንድ ደቂቃ ያህል ሳይቀበላት ቆመ።

«ሄደ እኮ ፈቃድሽ» አለ። ንዴት አልነበረበትም፣ እንደውም አዝኖላታል። «ከነገ ጀምሮ ምን ልትበዪ ነው?»

«ምሳ።»

ሃያዎቹ ለቀስተኞች ሳቁ፣ ይሄኛውን ማንም በነጠላ አላፈነውም። እሷ ወርዳ ወደ አውሮፕላኑ ስትራመድ ከጀርባዋ የበር ድምጽ ሰማች፣ ዞረች። ደም ክፍሉ ነው። ሐዋ ወጣች፣ የቀኝ እጅጌዋ እስከ ትከሻ ተጠቅልሏል፣ ክንዷ ላይ ነርሷ የቀባችው አልኮል ገና አልደረቀም። ከሷ ኋላ ሌሎቹ ቀላሎች አሉ፣ አራት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ። በመስኮት ሲያዩ ነበር ለካ።

ሐዋ እጅጌዋን ወደ ታች እየገለበጠች መጣች። ቁልፏን ቆለፈች። ሚዛኑ ላይ ወጣች።

አርባ ከሰባት መቶ፣ የቀኑ ሙቀት አራት መቶ ወስዶላታል። ቀይ በራ።

«ሐዋ» አለ ካሳዬ፣ «አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ? የሁለት መቶ ግራም ጉዳይ ናት፣ ግማሽ ከረጢት ትበቃሽ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ እዚህ ከቆምኩ ሁለት ደቂቃ አትፈጅም» አለች ሐዋ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ። «አንተ ግን ወንበር ሳብ፣ ካሳዬ። ከኋላዬ አምስት አሉ።»